ስለ ፒላቴስ ያሉ የተሳሳቱ አሳቦች

ሰው አንድን ነገር በሚገባ ሳይመረምር በስሙና በመልኩ ብቻ የሚፈርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ፒላቴስ የሚባለው የሰውነት ማሠልጠኛ ዘዴም ከዚህ ፍርድ አላመለጠም። አንዳንዱ የሴቶች ጨዋታ ነው ይለዋል፤ አንዳንዱ የሀብታሞች መዝናኛ ያደርገዋል፤ ሌላውም ሕመምን ሁሉ የሚፈውስ መድኃኒት ነው እያለ ያወራለታል። ከክፍል ጓደኞቼ መካከልም ስሙን እንደ ሰማ ጲላጦስን ያስታወሰ አልጠፋም። ስለዚህ አንብቤ የተረዳሁትን ከዚህ ቀጥዬ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስሙ የመሥራቹ የቤተ ሰብ ስም ነው። ዮሴፍ ፒላቴስ በ1883 በጀርመን አገር ተወለደ። በልጅነቱ አስምና የአጥንት መልፈስፈስ በሽታ ያሠቃዩት ስለ ነበር፤ ድካሙን ለማሸነፍ ሲል ጅምናስቲክና ቦክስ መልመድ ጀመረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሣ በእንግሊዝ አገር ይኖር ነበርና የጠላት አገር ሰው ነህ ተብሎ ታሰረ። በኋላም ማን ወደምትባለው ደሴት ተወስዶ፤ በዚያ ካምፕ ሳለ አብረውት ለታሰሩት ሰዎች የራሱን የሰውነት ማጠንከሪያ ዘዴ ያስተምራቸው ጀመር። በ1926 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከባለቤቱ ከክላራ ጋር በኒው ዮርክ ከተማ ማሠልጠኛ ቤት ከፈተ። እስከ ሞተበት እስከ 1967 ድረስም ዘዴውን የሚጠራው «ኮንትሮሎጂ» እያለ ነበር፤ ይኸውም ሰውነትን በአእምሮ መቆጣጠር ለማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስሕተት ፒላቴስ ለሴቶች ብቻ ነው ማለት ነው። መሥራቹ ቦክሰኛ፤ በደሴቲቱ ያስተማራቸውም ወንዶች እስረኞች እንደ ነበሩ አይተናል። በኒው ዮርክ ግን እንደ ማርታ ግራሃምና እንደ ጆርጅ ባላንሺን ያሉ የታወቁ የዳንስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ እርሱ ይልኩ ስለ ነበር፤ ዘዴው ከዳንሰኞች ጋር ተያይዞ ታወቀ። በእኛም ዘንድ ምንጣፍ አንጥፎ ይህን የሚሠራ ወንድ ልጅ ይሳቅበታል። ሳቁ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም፤ ለጀርባው የሚበጀውን እንቅስቃሴ በእፍረት የተወ ጓደኛ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ስሕተት ያለ ውድ መሣሪያ አይሠራም የሚለው ነው። እርግጥ ነው፤ ፒላቴስ ሞላ የተገጠመለት፤ አልጋ የሚመስል መሣሪያ ሠርቷል። ነገር ግን በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የገለጻቸው 34ቱ እንቅስቃሴዎች በምንጣፍ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ድኻውም ሀብታሙም ይህን ያህል ቦታ አያጣም።

ሦስተኛው ስሕተት ተኝቶ መንጠራራት ነው፤ አያደክምም የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያለውን «መቶው» የተባለውን እንቅስቃሴ ይሞክረው። በጀርባ ተኝቶ ራስንና ትከሻን ቀና ማድረግ፤ ሁለቱን እግሮች አጋጥሞ ከመሬት ማንሣት፤ ክንዶችን በጎን ዘርግቶ ወደ ላይና ወደ ታች መቶ ጊዜ ማንቀሳቀስ ነው። አምስት እስኪቆጠር አየር ይሳባል፤ አምስት እስኪቆጠር ይወጣል፤ ይህም አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ሠላሳ ሳይደርስ የሆድ ጡንቻው መንቀጥቀጥ የሚጀምር ብዙ ነው። የሚሠራው ሆድ ብቻ ነው ማለትም ልክ አይሆንም፤ ጀርባ፤ ዳሌ፤ ትከሻና ትንፋሽ በአንድነት ይሠራሉና። ቁም ነገሩ ብዛቱና ፍጥነቱ ሳይሆን ጥንቃቄው ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

አራተኛው ስሕተት ከሁሉ የሚከፋው ይመስለኛል፤ ይኸውም ፒላቴስ ሕመምን ሁሉ ያድናል ማለት ነው። የወገብ ሕመምን በሚመለከት ልዩ ልዩ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ግምገማ በ2015 ታትሟል። ግምገማው እንደሚለው፤ ፒላቴስ የሠሩ ሕመምተኞች ምንም ያህል ሕክምና ካልተደረገላቸው ይልቅ ሕመማቸው ሳይቀንስላቸው አልቀረም፤ ሆኖም ከሌሎች የሰውነት እንቅስቃሴዎች ይበልጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድበት፤ እግሩ የሚደነዝዝበት፤ ወይም ወድቆ የተጎዳ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት እንጂ ምንጣፍ ማንጠፍ አይገባውም።

የመጨረሻው ስሕተት ፒላቴስ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፤ በሳምንትም ቢያንስ 3 ቀን ጠንከር ያለና ጡንቻንና አጥንትን የሚያበረታ መሆን አለበት። ፒላቴስ ጡንቻን ያጠነክራል፤ አቋምንም ያቃናል፤ ሩጫን፤ ኳስንና በእግር መሄድን ግን አይተካም። በእርሱ ብቻ በአንድ ወር እከሳለሁ የሚልም ተስፋው ከንቱ ነው።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ! እኛ ተማሪዎች ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ጎብጠን እንውላለን፤ ማታም በመጽሐፍና በስልክ ላይ እናቀረቅራለን። ጀርባችን ሳይታመም ብንንከባከበው፤ ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለት ይህ ነው። የስፖርት መምህራኖቻችንም ከክፍለ ጊዜው ላይ አሥር ደቂቃ ለይተው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድነት ቢያሠሩን ሳቁ ራሱ ይቀር ነበር። ወላጆቻችንም ልጃቸው ወለል ላይ ተኝቶ እግሩን ሲያነሣ ቢያዩት፤ ሰነፈ ብለው እንዳይቆጡት በትሕትና እየለመንኩ ጽሑፌን በዚህ እፈጽማለሁ።