ይሰበር ወይስ ይጉበጥ?

አባቴ ካረፈ ወዲህ ጋሪው ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ሥር ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ጎማው ተንፍሶ፣ የመቀመጫው ሣንቃ በዝናብ በስብሶ፣ የብረቱ ዕቃ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ዝጎ ነው ያገኘሁት። ባጃጅ መንገዱን ከመውረሱ በፊት ቢሾፍቱ የጋሪ ከተማ ነበረች። እኛ ቤት የተበላው እንጀራም የተለበሰው የተማሪ ልብስም ከዚህ ባለ ሁለት ጎማ ዕቃ ነው የወጣው። ፈረስ ገብቶበት እንደገና ሲሄድ ላየው ፈለግሁ።

እንጨቱ አላስቸገረኝም፤ አናጺ ሞልቷል። ያስቸገረኝ ጥቃቅኑ ብረት ነው። የሰንሰለቱ መንጠቆ፣ ፈረሱን ግራና ቀኝ የሚያቅፉት ሁለት እንጨቶች ጫፋቸው እንዳይሰነጠቅ የሚያስራቸው ቀለበት፣ የኋላው መዝጊያ ማጠፊያ፣ ማጠፊያው የሚዞርበት ካስማ። እነዚህ ከሱቅ አይገዙም። ጋሪ ሁሉ በየሠሪው እጅ ልክ የተሠራ ስለሆነ የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

መጀመሪያ የሄድኩት ብየዳ ቤት ነበር። ከጋሪው ሥር ካሉት የባሌስትራ ምላሶች አንዱ ተሰብሮ ስለነበር አስበየድኩት። ባዶውን ጋሪ ገፋ አድርገን ጉድጓድ ስናሻግረው ቀጭ አለ። የተሰበረው የተበየደበት ላይ ሳይሆን ከብየዳው አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ነው። ሁለቱን ቁራጭ በጆንያ ይዤ ወደ አንድ አዛውንት ባለ እጅ ዘንድ ሄድኩ።

አገላብጠው አዩትና «ይህ ብረት እኮ ቂመኛ ነው» አሉኝ። «አሙቀኸው በድንገት ከተውከው ይቀየማል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌስትራ ውስጥ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለ። ትንሽ ይመስላል፤ ብረቱን ጎብጦ መልሶ የሚነጥር የሚያደርገው ግን ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ብረት በጣም ግሎ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ከመጠንከሩም የተነሣ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። በያጁ አንዲት መስመር ሲያግል ከጎኗ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ባንዴ ይመጠዋል። ስለዚህ ከብየዳው አጠገብ ያለው ስስ ክፍል ማንም ሳያስበው ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ መበየድ ሳይሆን ሙሉ ምላስ ፈልጎ መተካት ነበር።

የሥራ ቤታቸው ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ሆን ተብሎ እንዲጨልም የተደረገ አንድ ክፍል ነው። ጨለማው የድህነት አይደለም፤ የብረቱን ቀለም ለመለየት ነው። ከግድግዳው ላይ ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ጥንድ ወናፍ ተሰቅሏል፤ በግራና በቀኝ እጅ እየተፈራረቀ የሚነፋው ዓይነት። ዛሬ የሚሠራው በብስክሌት ቸርኬ የሚዞር ማራገቢያ ነው፣ ወናፉን ግን አልጣሉትም። እዚህ ቤት የሚሰማው ቋንቋ ሁለት ዘመን አለው። መዶሻ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ ወናፍ፣ ማረሻ የጥንት ናቸው። ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ሞርሳ ደግሞ ከጣልያንኛ ከመኪናና ከጋራዥ ጋር የገቡ ናቸው። የሚመታበት ዕቃ ከሞርሳ በቀር የድሮ ስም አለው፤ የሚመታው ብረት ደግሞ በአብዛኛው የመኪና ስም። የባለ እጁን ሕይወት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ዛሬ ጥሬ ብረቱ የሚመጣው ከማዕድን ሳይሆን ከቁራሌውና ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመዶሻ ይመስለኝ ነበር። የሚጀምረው ጆንያ በመዘርገፍ ነው። ያመጣሁትን ብረት አንድ በአንድ እያነሡ ቀድሞ ምን ሲሠራ እንደኖረ ይጠይቁኛል። ነጭ የተለበጠውን የውሃ ቧንቧ ወደ እሳቱ ላስጠጋ ስል እጄን መቱኝ። ልባሱ ዚንክ ነው፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል፣ የባለ እጅ እሳት ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ያን ነጭ ጢስ የማገ ሰው ማታውን እንደ ወባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው ያድራል። የመኪና ሾክ አብዞርበሩንም ከነዘይቱ ወደ ውጭ አወጡት። ዘይቱና አየሩ ታፍነው የተዘጉበት ቱቦ ስለሆነ እሳት ውስጥ ቢገባ ይፈነዳል።

ያዘንኩት ለኩሽኔታው ነው። ከትልቅ መኪና የወጣ የኩሽኔታ የውጭ ቀለበት ይዤ ነበር፤ ክቡ ለጋሪው እንጨት ጫፍ የተለካ ይመስላል። አንዴ ሞቆ ቢጠልቅ ሥራው ያልቃል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ይሄ ብርጭቆ ነው» ብለው መለሱልኝ። ኩሽኔታ ከሚሠራበት ብረት ውስጥ 1 በመቶ ያህል ካርቦን አለ። ግሎ ውሃ ቢነካው ይሰነጠቃል፤ ሳይሰነጠቅ ቢቀር እንኳ ድንጋይ ሲገጨው ይፈነከታል።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ጀመር፦ «ቀን ከጎደለበት ቢሰበር ይሻልሃል ወይስ ቢጎብጥ?»

መንጠቆው ይጉበጥ። ፈረስ ደንግጦ ሲስብ መንጠቆ ከተሰበረ ሰንሰለቱ ተስፈንጥሮ የፈረሱን እግር ወይም የነጂውን ፊት ይመታል። ከጎበጠ ግን በዓይን ይታያል፣ አቅንቶ ቤት መግባት ይቻላል። ስለዚህ መንጠቆ ከለስላሳ ብረት፣ ከፌሮ ይሠራል። ፌሮ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ሳይታሰብ የሚጠነክር ነው። ለዚህ ፈተና አላቸው። ጫፉን አግለው ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ከዚያ ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ ያጎብጡታል። ከጎበጠ ለመንጠቆ ይሆናል። ቀጭ ካለ ለመሮ ወይም ለሌላ ስለት ይቀመጣል። ሞራጅ ድንጋይ ባለበት ደግሞ ብልጭታው ይናገራል። የለስላሳ ብረት ብልጭታ ረጅም ጭረት ሲሆን ካርቦን የበዛበት ግን እንደ አበባ ይበተናል።

የመንጠቆውን ሥራ ከዳር ሆኜ አየሁት። ፌሮው ከከሰሉ ሥር ሲወጣ መጀመሪያ የደረቀ በርበሬ ይመስላል፤ ይህ 700 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ገና ለመመታት አልበቃም። ወደ ብርቱካን፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ሲጠጋ 1100 እና ከዚያ በላይ ደርሷል፤ ያኔ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ከዚህ አልፎ ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ እየተቃጠለ ነው፣ የተቃጠለ ብረት ደግሞ አይመለስም። መጀመሪያ ጫፉን አሾሉ። የሾለውን ጫፍ መልሰው ጠቀለሉት፤ ሾሎ ቢቀር የፈረሱን ጎን ይቧጥጣል። ከዚያ በመስፉ ቀንድ ላይ አጎበጡት። በመጨረሻም የሌላኛውን ጫፍ ጠፍጥፈው ብረቱ እንደጋለ በመብሻ በሱት። በመሰርሰሪያ ለምን እንዳልሆነ ስጠይቃቸው መሰርሰሪያ ብረት ይቀንሳል አሉኝ። በትኩሱ ሲበሳ ብረቱ ወደ ዳር ተገፍቶ በቀዳዳው ዙሪያ ያብጣል፣ ስለዚህ ጥንካሬው አይጎድልም። ብረቱ አምስት ጊዜ እሳት ገብቶ ሥራው ሁሉ አለቀ። ብረቱ ጥቁር ቀይ ሲሆን አንድም ጊዜ አልመቱትም፤ በቀዝቃዛው መምታት የተደበቀ ስንጥቅ ያወርሳል።

ለቀለበቱ ጠፍጣፋ ለስላሳ ብረት አጎበጡ፣ ሁለቱን ጫፎች አደራርበው በትኩስ ሚስማር ቀጠቀጧቸው። ሲያልቅ ከእንጨቱ ጫፍ በጥቂቱ ጠበበ። ተበላሸ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አግለው በእንጨቱ ላይ አስገቡት፣ ጢሱ ቤቱን ሞላው፣ ወዲያው ውሃ አፈሰሱበት። ዙሪያው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት 600 ዲግሪ ሲጨምር ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ያን ያህል ተሰብስቦ እንጨቱን ያንቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ የእንጨት መንኮራኩር የብረት ጫማ የሚያጠልቁትም በዚሁ ሕግ ነው። ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር የሆነ መንኮራኩር ጫማው ሲግል ዙሪያው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ሲቀዘቅዝም የእንጨቱን መጋጠሚያዎች ሁሉ አንድ ላይ ይጨምቃል። ሙጫ የለም፣ ብሎን የለም።

በደጋው አገራችን የተሽከርካሪ ታሪክ አጭር ነው፤ ጫኙ አጋሰስ ነበር። ሆኖም በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በሠረገላ መቅደላ ድረስ ያስጎተቱት ገደል እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ ነው። ወራት ፈጅቷል፤ ጎታቹም ብዙ መቶ ሰው ነበር። ዛሬ ስለዚያ መድፍ ሲወራ ሁላችንም ደረታችን ይነፋል። ብረት የሚያቀልጠውንና የሚቀጠቅጠውን ሰው ግን ለዘመናት ቡዳ፣ ጠይብ እያልን ከማዕዳችን አርቀነዋል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነውሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ ብረት፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ ለአካባቢው ገበሬ ማረሻ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። ጎረቤት የሚፈራው እጅ የጎረቤትን እርሻ ያቆመ እጅ ነበር። ይህን ሳስብ ያመኛል። እኔም በልጅነቴ በእኚሁ ባለ እጅ ሥራ ቤት ደጅ ሳልፍ ዓይኔን እንድሰብር የተነገረኝ ልጅ ነኝና።

የቀረው ካስማው ነው። ካስማ ቀን ሙሉ ስለሚፋተግ መጠንከር አለበት፤ እዚህ ላይ የተሰበረው ባሌስትራ ተፈለገ። ቆርጠው አድቦለቦሉት፣ አግለው ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ጠበቁ። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይዘውም፤ ከዚያ ትንሽ እንዳለፈ አሮጌ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት። በዚህ ቢያበቃ ካስማውም ብርጭቆ ይሆን ነበር። ስለዚህ አንዱን ጎን በአሸዋ አጽድተው በፍም ዳር ቀስ ብለው አሞቁት። በጸዳው ፊት ላይ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ ቀለም ሄደ። ሰማያዊው ብቅ ሲል፣ 300 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከፍሙ አነሡት። ጥንካሬውን ጥቂት ለቀቀ፣ በምትኩ መታገሥን አገኘ።

ሒሳብ ስንተሳሰብ ከገንዘቡ ላይ ቀንሰው የባሌስትራውን ትርፍራፊ እንድተውላቸው ጠየቁኝ። ደጅ ላይ ያለቀ ማረሻና የላላ ወገል በትከሻው ያንጠለጠለ ገበሬ ቆሞ ነበር። አባቴን ለዓመታት ሲያነጥር ከኖረው ምላስ ረጅሙን ቁራጭ አንሥተው እሳቱ ውስጥ ከተቱት፣ ቸርኬውንም አዞር ዘንድ በዓይናቸው ጠቆሙኝ።