ድሬዳዋ፤ ሐዲድ የወለዳት ከተማ

የአንድን የኢንዱስትሪ ከተማ አስተዳደግ ለመረዳት የድሬዳዋን ሰፈሮች ብንመረምር ይጠቅመናል። ከተማዋ የተቈረቈረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ነው። ከዚራን ፈረንሳውያን በፕላን ስለ ሠሩት መንገዱ ቀጥ ያለና ዛፍ ያጠላበት ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን በገበያ የተስፋፋ በመሆኑ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ቢሆንም፥ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል።

አሮጌው ባቡር ሲዳከም የከተማዋም ሥራ አብሮ ቀዘቀዘ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጣና ተስፋዋን አድሰዋል። ይሁን እንጂ አዲሱ ጣቢያ እንደ ቀድሞው በሰፈሮቹ መካከል ሳይሆን ከከተማው ውጭ ነው። ስለዚህ ትንሣኤዋ የሚረጋገጠው የሐዲዱ ጥቅም ከዚራና መጋላ ድረስ ሲዘልቅ ነው ብለን እናምናለን።