ጊዮርጊስ የማን ነው? ስለ ፈረሰኞቹ ኪስ ማወቅ ያለብን ነገር

ፒያሳን ዛሬ የሚያያት የድሮ ልጇ ግራ ይገባዋል። እነ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሰው ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ስሙን የወሰደው ክለብ ግን አሁንም አለ። ጥያቄው እስከ መቼ፣ በማን ገንዘብ? የሚለው ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015 ተከታትሎ ዋንጫ አነሳ። በ2016 ዋንጫው ወደ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ወደ ኢትዮጵያ መድን ሄደ። ደጋፊው ሲናደድ አሰልጣኙን ይሰድባል፣ አጥቂውን ይሰድባል። እኛ ዛሬ ሜዳውን ትተን ኪሱን እንይ።

ባለቤቱ ማነው?

በወረቀት ላይ ጊዮርጊስ የስፖርት ማህበር ነው። በ1928፣ የጣሊያን ወረራ ተጀምሮ አዲስ አበባ ገና ሳትያዝ፣ እነ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ መሠረቱት። ይሄ በሊጋችን ብርቅ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደር፣ በመከላከያ ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው የሚኖሩት። በደጋፊ ስም የሚጠሩት ትልልቆቹ ጊዮርጊስና ቡና ናቸው።

በተግባር ግን ክለቡን ለብዙ ዓመታት ያቆመው የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍና የአቶ አብነት ገብረመስቀል አመራር ነው። ውለታውን መካድ አይቻልም። በ2009 ጊዮርጊስ የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ የሆነው በዚሁ ዘመን ነው። ሼሁ ከጥቅምት 2010 እስከ ጥር 2011 ሳዑዲ ውስጥ ታስረው ሲቆዩ ግን አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየ፤ በአንድ ሰው ላይ የተደገፈ ክለብ የዛ ሰው ችግር የራሱም ችግር ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከለጋሽ ውጪ ሦስት በሮች አሉ።

1. ቢራ። የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት ቢጂአይ የክለቡ የቆየ ስፖንሰር ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ግን የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ቢልቦርድ አስወጣ። ስሙን እንደልብ ማሳየት ያልቻለ ቢራ ለኳስ የሚያወጣውን ብር ሁለቴ ማሰቡ አይቀርም።

2. የስታዲየም በር። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ነው የሚካሄደው። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘጋ። የሸገር ደርቢ ከሸገር ወጥቶ ሌላ ከተማ ተጫወትን! የፒያሳ ልጅ ከሥራ ወጥቶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ቆሞ ይዘምር የነበረው ዛሬ በስልኩ ስኮር ነው የሚያየው። ስኮር ማየት ደግሞ ለክለቡ አምስት ሳንቲም አያስገባም።

3. ቴሌቪዥን። በ2013 ሊጉ ከዲኤስቲቪ ጋር የ5 ዓመት ውል ጀመረ። ዋጋው 68 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተወራ። ትልቅ ይመስል ነበር፤ ግን የቀረጻና የስርጭት ወጪው እዚያው ውስጥ ነበር፣ የቀረው ደግሞ ለሁሉም ክለቦች ይከፋፈል ነበር።

ወጪውስ? ፌዴሬሽኑ በ2011 ለተጫዋች ደሞዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ አውጥቶ ነበር። በጓሮ በር የሚከፈለው ግን ሌላ ነው የሚለው ወሬ አንድም ቀን አልቆመም። በመንግሥት በጀት ከሚከፍል ክለብ ጋር መጫረት ደግሞ ለማህበር ከባድ ነው፤ በጀት ሲያልቅ ማስጨመር ይቻላል፣ መዋጮ ሲያልቅ ግን አለቀ።

ሌሎች ምን ደረሰባቸው?

ደደቢትን አስታውሱ። በ2005 ሻምፒዮን ነበር፣ በ2011 ከሊጉ ወረደ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ጎር ማሂያ ዋና ስፖንሰሩ ሲወጣበት ደሞዝ መክፈል አቃተው። በተቃራኒው የታንዛኒያው ሲምባ አባላቱ 51 በመቶውን ይዘው 49 በመቶውን ለባለሀብት ለመስጠት በ2010 ወሰነ። ባለሀብቱ ብር ያመጣል፣ የመጨረሻው ቃል ግን የአባላቱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሄው ሌላ ሀብታም መፈለግ ብቻ አይመስለንም። ደጋፊው መዋጮ ሲጠየቅ "ክለቡ የናንተ ነው" ይባላል፤ ሂሳብ ሲጠይቅ ግን መልስ ሊሰጠው ይገባል። በየዓመቱ ኦዲት የተደረገ ሂሳብ በይፋ ይውጣ። አባልነት በስልክ በወር ትንሽ ብር የሚከፈልበት፣ የከፈለም ድምፅ የሚሰጥበት ይሁን። ማልያው በየጎዳናው በፌክ ከሚቸበቸብ ክለቡ ራሱ ይሽጠው።

ሰፈሩ ሲፈርስ ማንም አልጠየቀንም። ክለቡ ግን በማህበር ስም የቆመ ነው፣ መጠየቅ እንችላለን። አራዳነት ማለትስ ይሄው አይደል፤ በብርህ ምን እንደተሠራ ማወቅ?

እናንተስ? በወር 100 ብር ከፍላችሁ ድምፅ ቢሰጣችሁ ትመዘገባላችሁ? ቡናዎችም ጻፉልን፣ ነገ የእናንተም ጥያቄ ነው።