ጡሩምባውን የሚሰማ ዘር

ከሸዋ ሮቢት ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ የማወራው ስለ አንድ አረም ነው፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። እኛ ያለንበት ራቤል ብርድ ስለሆነ አብዛኞቻችሁ በዓይናችሁ አላያችሁትም፤ ስሙን ግን ሳትሰሙ አትቀሩም፦ አቀንጭራ። «አረም ደግሞ ምን ወሬ አለው?» እንዳትሉኝ። ይህ አረም ይሰማል። መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ ጆሮ ሳይኖረው፣ የጎረቤቱን ጥሪ ለይቶ ይሰማል! እንዴት እንደሆነ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት የሚኖሩት አጎቴ የማሽላ ማሳቸው ውስጥ ይዘውኝ ገቡ። በማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ተነጥፏል፤ እኛ ሜዳ ላይ አደይ እንደሚፈነዳው ያለ። ጎንበስ ብዬ አንዷን አየኋት። ቅጠሏ ሻካራ፣ ቁመቷ ከጉልበቴ በታች፤ አበባዋ ቀጭን ቱቦ ሆና ትወጣና እንደታጠፈ ክንድ መሃሏ ላይ ወደ ጎን ትዞራለች።

«ጋሼ፣ እንዴት ታምራለች!»

«አበባዋን ተዋትና ጎረቤቷን እይ» አሉኝ።

ጎረቤቷ ማሽላ ነው። ከሌላው ጋር እኩል ተዘርቶ ወገቤ ላይ ቀርቷል፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ጠውልጓል። ማታውን ዝናብ ጥሎ አፈሩ ገና እርጥብ ነው! ውሃ ላይ ቆሞ የተጠማ ተክል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ስሙን ልብ በሉልኝ እስቲ። ልጅ ዕድሜው እየሄደ ቁመቱ ሲቀር ጤና ጣቢያ «መቀንጨር» ይሉታል። አቀንጭራም ያው የሚያቀነጭር ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሥሩን በማጉያ መነጽር አላዩትም፤ ሥራውን ግን አይተውታል።

እኔ ግን ሥሩን ማየት አማረኝ። ዶማ ተቀብዬ አንዱን ከነማሽላው፣ ከነጓሉ አወጣሁትና ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አፈሩ ቀስ እያለ ሟሟ። የአቀንጭራው ሥር ነጭ ክር ነው። የማሽላውን ሥር ከነካበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት አለች። ሳብ አደረግኩት፤ አልላቀቅም አለ። ተጣብቆ አይደለም፣ ገብቶ ነው! የማሽላውን ሥር ቆዳ ሰንጥቆ፣ ውስጥ ድረስ ዘልቆ፣ ውሃ ከሚያልፍበት ቧንቧ ጋር ራሱን ገጥሟል። የጎረቤቱን ቧንቧ ቀድዶ በስውር ጎማ እንደሰካ ሰው አስቡት።

ታዲያ ቅጠሉ ለምን አረንጓዴ ሆነ? አረንጓዴ ቅጠል እኮ በፀሐይ ምግቡን የሚያበስል ነው። አቀንጭራም ያበስላል። ምጣዱ የራሱ ነው፤ ውሃውና ጨው ቅመሙ ግን የጎረቤት። ለዚህ ነው አዋቂዎቹ ግማሽ ጥገኛ የሚሉት። እንጨት ላይ የሚበቅለውን ተቀጽላ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱም ያው ነው፤ ልዩነቱ ተቀጽላ ከላይ ከቅርንጫፍ፣ አቀንጭራ ከታች ከሥር መሰካታቸው ነው። ምጣዱም ቢሆን ደካማ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ካለው ምግብ ሲሶ ያህሉ ከማሽላው የተወሰደ ነው።

ውሃው ወደ እሱ የሚሄደውስ በምን ጉልበት ነው? ተክል ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃ በነሱ ይተናል፣ የተነነው ደግሞ ከታች ሌላ ውሃ ይስባል። ማሽላ ሲጠማ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ቆጣቢ ነው። አቀንጭራ ግን ድርቅ ቢሆን፣ ሌሊት ቢሆን፣ በሩን ክፍት አድርጎ ያድራል! ሁለት ሰዎች በአንድ ብርጭቆ ሁለት ቀሰም ሰክተው አንዱ ሲያርፍ ሌላው ሳያርፍ ቢስብ ማን እንደሚያልቅበት ገምቱ።

እስካሁን ያልኳችሁ ግን መግቢያው ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ዘሩ ነው።

የደረቀ ፍሬውን ነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ አደረግኩት። ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ። ዱቄት መሰለኝ እንጂ እያንዳንዷ ቅንጣት ዘር ናት! ርዝመቷ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ፤ ሦስቱን ብትደረድሩ አንድ ሚሊሜትር አይሞሉም። የጤፍ ፍሬ ከጎኗ ቋጥኝ ነው። አንድ ተክል እንዲህ ያለውን በአሥር ሺዎች ያፈራል፤ 50,000ና ከዚያም በላይ። (ወረቀቱን ከነዘሩ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ደግ አደረግክ አሉኝ አጎቴ።)

አሁን አስቡ። የገብስ ፍሬ ሆዷ ውስጥ ስንቅ አላት፤ ቅጠል እስክታወጣ በሱ ትኖራለች። ይህች ዱቄት ስንቅ የላትም ማለት ይቻላል። ብትበቅል ሥሯ የሚዘረጋው ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ በቀናት ውስጥ የማሽላ ሥር ካላገኘች ሞተች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትሞክረው! ስለዚህ አትቸኩልም። አፈር ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ትጠብቃለች። ዝናብ ሲጥልና አፈሩ ሲሞቅ ለሁለት ሳምንት ያህል ረጥባ ትቆያለች፤ ያኔ ጆሮዋ ይከፈታል። አሁንም ግን አትበቅልም፤ ታዳምጣለች። የማሽላ ሥር አጠገቧ መድረሱን በምን ታውቃለች?

እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከተክል ሥር የሚወጣ አንድ ቅመም ለዩ። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ የአቀንጭራን ዘር ግን ቀስቅሶ ያበቅለዋል። በአረሙ የሳይንስ ስም፣ በስትሪጋ፣ ስትሪጎል አሉት። እንቆቅልሹ ከዚህ ይጀምራል። ማሽላ ምን ሆኖ ነው ጠላቱን የሚጠራው? ሌባን «ቤቴ እዚህ ነው» ብሎ የሚጣራ ሰው አለ? 40 ዓመት ገደማ መልስ ጠፋ።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ከጃፓን መጣ፤ እኔም ሳነበው ከወንበሬ ተነሳሁ። ማሽላው ሌባውን አይደለም የሚጠራው። ወዳጁን ነው!

ወዳጁ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ ክር ያለው። ተክል ፎስፈረስ ይፈልጋል፤ ዳፕ ስትገዙ የምትከፍሉበት አንዱ እሱ ነው። የተክሉ ሥር የማይደርስበትን ፎስፈረስ ፈንገሱ በክሩ ለቅሞ ያመጣለታል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይከፍለዋል። ወንፈል በሉት። ይህ ወንፈል ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘልቋል። እና ተክሉ ፎስፈረስ ሲያጥረው ያን ቅመም ወደ አፈሩ ይለቃል፦ «ድረሱልኝ!» ፈንገሱ ይሰማና ይመጣል።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። የሚነፋው ለእድርተኛው ነው። የሚሰማው ግን እድርተኛው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ሰው እንደማይኖርበት የገባው ሌባም ይሰማል። አቀንጭራ ማለት ይህ ሌባ ነው። ጡሩምባውን ማጥፋት ደግሞ አይቻልም፤ ከጠፋ ወዳጅም አይመጣም!

ይህን እያነበብኩ የአጎቴ ንግግር ትዝ አለኝ። ማሳው ውስጥ ሳለን «መሬት ሲደክም ይበዛል፤ ፍግ ያገኘው ጓሮ ላይ እምብዛም የለም» ብለውኝ ነበር። እኔ እንደ አባባል ወስጄው አለፍኩ። ለካ ነገሩ በቀጥታ ይሄ ነው! መሬቱ ሲደኸይ ማሽላው ይራባል፤ ሲራብ አጥብቆ ይጣራል፤ አጥብቆ ሲጣራ አፈር ውስጥ የተኛው ዘር ሁሉ ይነቃል። የጠገበ ማሽላ ድምፁ ዝቅተኛ ነው። ገበሬው በዓይኑ ያየውና ሳይንቲስቱ በጠርሙስ የለካው አንድ ነገር ሆነው ሲገጥሙ ደስታዬን አልችለው አልኩ።

የቀረውን ቶሎ ላሳልፈው። የነቃው ዘር ሥሩን ይዘረጋል፤ የማሽላው ሥር አጠገብ ሲደርስ ሌላ ምልክት ይሰማና ያችን እብጠት ይሠራል። ከዚያ ለሳምንታት ከመሬት በላይ አይታይም። ሐምራዊው አበባ ሲወጣ ጉዳቱ አብዛኛው ደርሷል ማለት ነው። ማረም ጥቅሙ ዘር እንዳይበትን ነው እንጂ የዘንድሮውን ማሽላ ብዙም አያድንም።

ምስጢሩ ጥሪው መሆኑ ከገባችሁ መፍትሔውን ራሳችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ። አንዱ መንገድ ጥሪውን መለወጥ ነው። በምዕራብ ሸዋ ወለንኮሚ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት፣ አለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከባልደረባቸው ከላሪ በትለር ጋር የደረሱት እዚህ ላይ ነው። የአቀንጭራን ዘር የማይቀሰቅሱ የማሽላ ዓይነቶችን ለዩና አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። አገራችን ከገቡት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ፣ አንዱ አብሽር ይባላል። አብሽር! ለተጨነቀ ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ምክንያቱ ሲገለጥ ደግሞ ይበልጥ ተገረምኩ፦ እነዚህ ማሽላዎች ዝም አላሉም፣ የጥሪያቸውን ቅመም ዓይነት ነው የለወጡት። ወዳጅ የሚያውቀው፣ ሌባው ግን በደንብ የማይሰማው ሌላ ዘዬ!

ሁለተኛው መንገድ ማታለል ነው። የአቀንጭራ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ካሮላይና ውስጥ ተገኘና አሜሪካኖቹ ኤትሊን የሚባል ጋዝ አፈር ውስጥ ከተቱ። ሙዝ ሲበስል የሚለቀው ያው ጋዝ ነው። ዘሩ ተጠራሁ ብሎ በቀለ፤ ማንም የለም፤ ሞተ! ኬንያ ያለው የነፍሳት ጥናት ማዕከል ኢሲፔ ደግሞ ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል በበቆሎ መሃል ዘርቶ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ ሥሩ ዘሩን ያስበቅልና ከሰብሉ ሥር እንዳይገጥም ያደናቅፈዋል፣ ቅጠሉን ከብት ይበላዋል።

እኛ ደገኞች ደግሞ አቀንጭራ ወደዚህ አይወጣም ብለን አንርሳው። ዘሩ ሙቀት ስለሚፈልግ ገብሳችንን አይነካም፤ ነገር ግን በደቡብ ወሎ ደጋ የባቄላ ሥር ላይ የሚሰካ የቅርብ ዘመዱ አለ፤ አረንጓዴ ቅጠል እንኳ የሌለው፣ ምጣዱንም ትቶ ሁሉን ከጎረቤት የሚበላ። ከወሎ የባቄላ ዘር የምታመጡ ሰዎች እባካችሁ እዩልኝ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። ያ በ1966 የተለየው ቅመም ከየትኛው ተክል ሥር እንደወጣ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከማሽላ አልነበረም፤ ከጥጥ ነው። ጥጥ ይጣራል፣ ዘሩን ይቀሰቅሳል፤ አቀንጭራ ግን ጥጥ ላይ መሰካት አይችልም።

«ከጥጥ አልክ?»

«ከጥጥ፣ ጋሼ።»

«አባቴ ጥጥ ይዘራበት የነበረው መደብ አለ፤ ከወንዙ ወዲህ» አሉ ቆይተው። «ማሽላ ባዞረበት ዓመት አቀንጭራ ይቀንስ ነበር። እኛ ቦታው የተባረከ ነው እንል ነበር።» እንደገና ዝም። «ታዲያ ጥጡ ነበር እንዴ ሲጣራ የከረመው?»