የጠፋን አጥንት መልሶ ማብቀል በፊቅህ ሚዛን

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ አጥንት ሲሰበር ዛሬም ወጌሻ የሚጠራ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ብዙው ስብራት በእርግጥ ይገጥማል፤ አላህ (ሱ.ወ.) አጥንትን ራሱን የሚጠግን አድርጎ ፈጥሮታልና። እስሩ ጠብቆ የደም ዝውውርን ሲያግድ ግን ሥጋው ይሞታል፤ ፍጻሜውም የእጅ ወይም የእግር መቆረጥ ሊሆን ይችላል። ጣቱ የደነዘዘ፣ የቀዘቀዘ ወይም የጠቆረ ሰው እስሩ ተፈትቶለት ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት ኢማሞች በኹጥባቸው ቢያሳስቡ መልካም ነው።

በጥሩ ሁኔታ ታክሞም ቢሆን አልገጥም የሚል፣ ወይም ከፊሉ በአደጋና በኢንፌክሽን የጠፋ አጥንት አለ። ለዚህ ዋነኛው መንገድ አሁንም ከታካሚው ዳሌ አጥንት ወስዶ መትከል ነው። አዲሱ ምርምር በዚህ ላይ የሚጨምረው ከመቅኔ የሚቀዳውን፣ ወደ አጥንት ሴልነት የሚለወጠውን ስቴም ሴል (ግንደ ህዋስ) ነው። ሴሉ ብቻውን አይበቃም፤ ተንጠላጥሎ የሚያድግበት መደገፊያ ያስፈልገዋል። መደገፊያው ከካልሲየም ፎስፌት፣ ከታከመ የከብት አጥንት ወይም ከእንስሳት ከሚወጣው ኮላጅን ይሠራል፤ ኮላጅኑ የአሳማ የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

ጉዳዩ ለፊቅህ ባዕድ አይደለም። ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ.) በኩላብ ውጊያ አፍንጫቸውን አጥተው ከብር አሠሩ፤ ሽታ ሲፈጥርባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከወርቅ እንዲያሠሩ እንዳዘዟቸው አቡ ዳዉድና ቲርሚዚይ ዘግበዋል። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት የሚቀበለው እርሱ ስለሆነ ተፈቀደ። ኢማም ነወዊይም በሚንሃጅ፣ ንጹሕ አጥንት አጥቶ በነጃሳ አጥንት የጠገነ ሰው ዑዝር እንዳለው አስፍረዋል። ንጹሕ እያለ ነጃሳውን የመረጠ ግን ግልጽ ጉዳት የማይፈራ ከሆነ ማውጣት ይገደዳል። በሐነፊዮች ዘንድ ከአሳማ በቀር የበክት አጥንት ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ ያልታረደ የከብት አጥንት ጥያቄ በሁለቱ መዝሀቦች እኩል አይከብድም።

የሴሉ ብይን የሚወሰነው በምንጩ ነው። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በ1424 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2003) ባደረገው 17ኛ ስብሰባ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ ጉዳት እስካላገኘው ድረስ ከአዋቂ፣ እንዲሁም ከእንግዴ ልጅና ከእትብት ደም የሚገኘውን ፈቅዷል፤ ሆን ተብሎ ከተጨነገፈ ፅንስ የሚወሰደውን ከልክሏል። ከታካሚው ከራሱ መቅኔ የሚቀዳው፣ በእኛ እይታ፣ ከሁሉም የቀለለው ነው።

ስለዚህ ታካሚ ለፈትዋ ሲመጣ «ስቴም ሴል ሐላል ነውን?» ለሚለው ጥያቄ በደፈናው መመለስ አይቻልም። ሴሉ ከማን፣ መደገፊያው ከምን እንደተሠራ፣ ሌላ አማራጭ መኖሩንም ሐኪሙን ጠይቆ እንዲመለስ ይነገረው። ስቴም ሴል ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው እያሉ በውድ የሚሸጡ ክሊኒኮች በውጭ ሀገር አሉ፤ መሬቱንና ከብቱን ሸጦ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሕክምናው በእርግጥ የተረጋገጠ መሆኑን አስቀድሞ ከአጥንት ስፔሻሊስት መስማት አለበት።