«ማን አንሳኝ አለው?»

ድሮ ፎቶ መነሳት ራሱን የቻለ ድግስ ነበር። ነጠላ ይታጠባል፣ ፀጉር ቅባት ይጠግባል፣ ሰዓት ከጎረቤት ይዋሳል። ከዚያ ፎቶ ቤት ገብቶ አበባና ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቀጥ ማለት ነው። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ስለሚያነሳ ማንም በከንቱ አያባክነውም። ዛሬስ? ስልክ የያዘ ሁሉ አንሺ ሆኗል፤ ተነሺው ግን ብዙ ጊዜ መነሳቱን እንኳ አያውቅም።

እኔም ከአንሺዎቹ አንዱ ነኝ። ቅዳሜ ማለዳ ከፒያሳ ወደ መርካቶ በእግሬ ስወርድ ዓይኔ የሚያርፈው በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ አይደለም። ደንበኛ እስኪመጣለት ደብተሩን የሚያጠና ሊስትሮ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ «አንቺ ቅደሚ፣ የለም አንቺ» የሚባባሉ እናቶች፣ ዝናብ ያባረራቸውና በአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋግተው የሚሳሳቁ የማይተዋወቁ ሰዎች... ከተማ ማለት ለእኔ ይኼ ነው።

ታዲያ አንዲት የማውቃት በቆሎ ጠባሽ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ የሚነሳ ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት። አገር ቤት ያሉት እናቷ እንዳይጨነቁባት ብላ «ቢሮ ገብቻለሁ» ብላቸዋለች። አንድ ክረምት ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ትንሿን ልጅ አዝላ፣ ከሰል ስታራግብ አንድ ወጣት ቀጭ አድርጓት ሄደ። ፎቶው «ድህነት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት በቲክቶክ ዞረ፣ ዞረና የአጎቷ ልጅ ስልክ ላይ ደረሰ። እናቲቱም አዩት።

«በቆሎ መጥበሱ አያሳፍረኝም፤ ሠርቼ ነው የምበላው» አለችኝ። «ግን ማን አንሳኝ አለው? ለእናቴ እኔ ነበርኩ መንገር ያለብኝ።»

ልጁ ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። እንዲያውም «እንዲረዷት ብዬ ነው» ይል ይሆናል። ቢሆንም ሕጉ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ባለቤቱ «ይቁምልኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ፍርድ ቤትም ካሳ ሊፈርድ ይችላል። ግን አንቀጽ 28ን አትርሱ። ታዋቂ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። የጥምቀትንና የደመራን ሕዝብ ስናነሳ እያንዳንዱን ሰው የማናስፈቅደው ለዚህ ነው። «መንገድ ዳር በቆሎ መጥበስስ አደባባይ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። ስለዚህ ሕጉ እስኪፈርድ ይሉኝታችን ይቅደም።

እና ካሜራችንን እንቅበረው? በፍጹም! በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እዚያ ተወልደው ያረጁ አንዲት እናት ፎቶ ፍለጋ ሳጥናቸውን ገለበጡ። የሰርግ ሞልቷል፣ የክርስትና ሞልቷል። ቅያሱ ግን የለም፤ የጉልት ሴቶቹ የሉም፤ በየቀኑ ያለፉበት በር የለም። በመጨረሻ አንድ የሰፈር ጎረምሳ እንዲሁ ለጨዋታ ያነሳውን ፎቶ አሳጠቡት። ጉልት ላይ ሦስት ሴቶች ይሳሳቃሉ፤ አንዷ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ በፍሬም ተሰቅሏል። ያ ልጅ ባያነሳ ኖሮ ምን ይቀራቸው ነበር?

ደግሞም ማንሳት ሌላ፣ መለጠፍ ሌላ ነው። አሜሪካዊቷ ቪቪያን ማየር በኒውዮርክና በቺካጎ ሞግዚት ሆና ስትኖር የመንገድ ሰው ስታነሳ ኖራለች። ፎቶዎቿን ግን ለማንም አታሳይም ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የኪራይ መጋዘን ዕዳዋ ሳይከፈል ቀርቶ ዕቃዋ በጨረታ ሲሸጥ ነው ነገሩ የወጣው። ከ100,000 በላይ ፎቶ! እሷ ዝናዋን ሳታየው በ2009 አረፈች።

ለአንሺዎች የምመክረው ይህንን ነው፦

ቅድሚያ ሰላምታ ስጡ። «እንደምን ዋላችሁ፣ አንድ ላንሳችሁ?» ለማለት ምላስ አይከብድም። በቆሎውንም ግዙ። ቅጽበቷ ታመልጠኛለች ካላችሁ አንስታችሁ ስታበቁ አሳዩና ጠይቁ። «አጥፋው» ከተባላችሁ ፊታቸው አጥፉ። የሚያለቅስ ሰው፣ የኔ ቢጤና ሕፃን ልጅ አታንሱ። መለጠፍ ካማራችሁ ፊት ሳይታይ እጅ፣ ጥላ፣ ጀርባ ብዙ ይናገራል። ከሁሉ በላይ ፎቶውን አሳጥባችሁ ለባለቤቱ ስጡ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ይጠራችኋል።

ሳትወዱ የተነሳችሁ ደግሞ ጠብ አታንሱ። በጨዋ ደንብ «ወንድሜ፣ አጥፋልኝ» በሉት። ተለጥፎ ካገኛችሁት ከመጥፋቱ በፊት በስልካችሁ አስቀሩና ለለጠፈው ጻፉለት፤ እምቢ ካለ ሕግ አዋቂ አማክሩ።

በቆሎ ጠባሿ ያን ሰሞን ለእናቷ ራሷ ደውላ ሁሉን ነገረቻቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ሥራ ሥራ ነው፤ የከፋኝ ከሌላ ሰው መስማቴ ነው» አሏት።

መልካም ሳምንት!