የሆሎኮስት ታሪክ በጤና ባለሙያዎች ትምህርት ውስጥ ያለው ስፍራ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ የሕክምና ትምህርትና ታሪክ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች ከሕሙማን ጋር የሚገናኙት በዚህ ክፍለ ከተማ ነው። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኝበት የጉለሌ ጎዳና በአርበኞች ስም ይጠራል። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ የስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልትና የካቲት 12 ሆስፒታል ይገኛሉ። የራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታልም የተሰየመው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን በገደላቸው አርበኛ ስም ነው። ተማሪው እነዚህን ስሞች በሪፈር ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ የስሞቹን ታሪክ ግን በሙያ ትምህርቱ ውስጥ እምብዛም አያገኘውም።

ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የናዚ ዘመን የሕክምና ታሪክና ሆሎኮስት ለጤና ሙያ ተማሪዎች ሁሉ እንዲሰጥ አሳስቧል። ሆሎኮስት የሚባለው ናዚ ጀርመንና ተባባሪዎቿ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስድስት ሚሊዮን አይሁዳውያንን የፈጁበት ድርጊት ነው። ይህ ለኢትዮጵያዊ ሐኪምና ነርስ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ የሚገኘው ሙያው ራሱ በወንጀሉ ውስጥ ከነበረው ድርሻ ነው።

ሕክምና ወደ ግድያ የተሻገረባቸው ደረጃዎች

ጉዳዩ የጀመረው በጋዝ ክፍል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1933 የወጣው ሕግ በዘር ይተላለፋል የተባለ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በግዳጅ ማምከንን ፈቀደ፤ በዚህም 400,000 ያህል ሰዎች መካን ተደርገዋል። ሕሙማኑን ለይቶ ያመለከተው ሐኪም፣ በችሎቱ ከዳኛው ጋር የተቀመጠው ሐኪም፣ ቀዶ ሕክምናውንም ያደረገው ሐኪም ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1939 በኋላ ደግሞ ቲ4 በተባለው መርሐ ግብር የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች መገደል ጀመሩ። ሆስፒታሎች ስለየታካሚው ቅጽ እንዲሞሉ ታዘዙ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ታካሚው ሥራ መሥራት ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። መዛኝ ሐኪሞች ሕመምተኛውን ሳያዩ፣ ቅጹን ብቻ አንብበው የሞት ምልክት ያደርጉበት ነበር። በስድስት ማዕከላት 70,000 ያህል ሰዎች በጋዝ ተገደሉ፤ ለቤተሰቦቻቸው የተላከው የሞት ማስረጃም የሐሰት የሞት ምክንያት የተጻፈበት ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1941 የጋዙ ግድያ በይፋ ቢቆምም፣ በየሆስፒታሉ በረሃብና ከመጠን ባለፈ መድኃኒት መግደሉ ቀጠለ፤ በዚህም ነርሶች ተሳትፈዋል።

ከዚያ የተገኘው ልምድና የሰው ኃይል ወደ ፖላንድ የሞት ካምፖች ተዛወረ። ሁለት የቲ4 ማዕከላትን የመራው ሐኪም ኢርምፍሪድ ኤበርል እ.ኤ.አ. በ1942 የትሬብሊንካ ካምፕ የመጀመሪያው አዛዥ ሆነ። ተማሪው ሊያስተውለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከሙያው ውጭ የመጡ አልነበሩም፣ በጊዜው በላቀ ደረጃ ከሚታዩ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የወጡ ነበሩ።

የቅርባችን ታሪክ

ኢትዮጵያም የዚያን ዘመን ግፍ ቀድማ ቀምሳለች። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በቦምብ ደበደቡ። በሰሜኑ ግንባር የቀይ መስቀል ሐኪሞች ቆዳቸውና ዓይናቸው በሰናፍጭ ጋዝ የተቃጠለባቸውን ሰዎች ያክሙ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ በሦስት ቀን የተገደሉትን የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ሲል፣ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ወደ 20,000 ይገምታቸዋል። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆቻቸውን ያጡት በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ጣሊያን፣ ዜጎቿ ከቅኝ ግዛት ተወላጆች ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖሩ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአገሯ አይሁዳውያን ላይ የዘር ሕጎችን ደነገገች። ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ማስተማር የየትኛው መከራ ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ ሰውን በዘር የመደልደል አስተሳሰብ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር ለማሳየት ነው።

የፍትሑ ፍጻሜ ግን የተለያየ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1947 በኑረምበርግ ለፍርድ ከቀረቡት 23 ተከሳሾች 20ዎቹ ሐኪሞች ነበሩ፤ 16 ተከሳሾች ጥፋተኛ ሲባሉ ሰባቱ በሞት ተቀጡ። ግራዚያኒ በአንጻሩ በኢትዮጵያ ለፈጸመው ወንጀል ለፍርድ አልቀረበም። ይሁንና ኢትዮጵያ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከአገሮች ሁሉ ቀድማ አጽድቃለች።

በሥራ ላይ ያለው ቅርስ

ዛሬ ማንኛውም ተመራማሪ ለጥናት ተሳታፊው የሚያነበው የፈቃደኝነት ቅጽ መነሻው የኑረምበርጉ ፍርድ ነው። በፍርዱ ከሰፈሩት አሥር ነጥቦች የመጀመሪያው የተሳታፊው የፈቃድ ስምምነት ፍጹም አስፈላጊ መሆኑን ይደነግጋል፤ የ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫም በዚሁ ፈር ተጉዟል። ቅጹን ለጽሕፈት ቤት ማሟያ ብቻ አድርጎ የሚያይ ተማሪ፣ ከበስተጀርባው በዳካው በበረዶ ውኃ ውስጥ የተነከሩ እስረኞች መኖራቸውን ቢያውቅ አነባበቡ ይለወጣል።

ቅርሱ በመማሪያ መጻሕፍትም አለ። የፔርንኮፍ የአናቶሚ አትላስ የተሣለው በከፊል በናዚ ከተገደሉ ሰዎች አስከሬን ነው። ቀደም ሲል በሐንስ ራይተር ስም ይጠራ የነበረው የመገጣጠሚያ ሕመም ዛሬ ሪአክቲቭ አርትራይተስ የተባለውም ሰውየው በቡኸንቫልድ ከተደረጉ ሙከራዎች ጋር ስለሚያያዝ ነው።

እንዴት ይሰጥ?

ለዚህ ትምህርት አዲስ ኮርስ መክፈት የግድ አያስፈልግም። በሕክምና ሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ የቲ4ን ቅጽ ይዘት አቅርቦ «እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ደረጃ ላይ እምቢ ትሉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያወያያል። አናቶሚ ሲጀመር ስለ አስከሬን ምንጭና ክብር፣ የምርምር ዘዴ ሲሰጥ ስለ ኑረምበርግ ማንሣት ይቻላል። የስድስት ኪሎው ሐውልት ለተማሪዎቹ በእግር የሚደረስበት ነው።

መምህሩ ከሁለት ስሕተቶች ሊጠነቀቅ ይገባል። አንደኛው ወንጀለኞቹን ከሰው የተለዩ አውሬዎች አድርጎ ማቅረብ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ተማሪው ራሱን አይመረምርም። ሁለተኛው ማንኛውንም የሥነ ምግባር ጉድለት ከናዚ ጋር ማመሳሰል ነው። ታካሚን በስሙ ፈንታ «የአልጋ ስምንቱ» ብሎ መጥራት ከዚያ ወንጀል ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ሰውን በሰውነቱ ሳይሆን በቁጥሩ፣ በሚያስወጣው ወጪ ወይም በብሔሩ ማየት ሲለመድ ሙያው ወዴት ሊወሰድ እንደሚችል ታሪኩ ያስረዳል። በቅርብ ዓመታት አገራችን ባየቻቸው ግጭቶች የጤና ተቋማት የጥቃት ዒላማ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ቁስለኛን ማንነቱን ሳይጠይቅ የሚያክም ባለሙያ ማፍራት የዛሬ ሥራ ነው። ለዚህም ተማሪው እምቢ ማለት የሚገባው ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ መሆኑን ቀድሞ ሊማር ይገባል።